በቦዩ ዳር የተገኘው ሬሳ

እናንተስ ብትሆኑ፣ ሬሳው ገና ትኩስ ስለሆነ ብቻ አጠገቡ የተገኘውን ወንድሙን ታስሩት ነበር? ፖሊስ አስሮታል። ሐኪሙ ገላውን ዳሰሰና «አሁን መሞቱ ነው» አለ፤ አለቀ! እናትየው በአንድ ቀን ሁለቱንም ልጆቿን አጣች።

ሟቹ የረግረጉን አፈር ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ባለሙያ ነበር። ሁልጊዜ እስከ ጉልበቱ ስለሚርስ «እርጥቡ» ይሉታል። ቀትር ላይ ታናሹ ምሳ ይዞለት ሲመጣ፣ ረግረጋማው ጫካ ተመንጥሮ ችግኝ በተተከለበት እርሻ ውስጥ፣ ውሃ ማፍሰሻው ቦይ ዳር፣ አናቱን ተመትቶ አገኘው።

መርማሪዋ መጀመሪያ የእርሻውን ሥራ አስኪያጅ አነጋገረች።

«ነፍሱን ይማረውና አስቸጋሪ ሰው ነበር» አላት። «አፈሩ ደረቀ እያለ ቦያችንን ይደፍንብናል። ዛሬም በጠዋት ደፍኖት ነበር።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከቤቴ በቀጥታ ስብሰባ። እስከ ምሳ ሰዓት ከወንበሬ አልተነሣሁም፤ ወገቤ ይመስክር!»

አልሳቀችም። ወደ እርሻው ወረደች። ቦዩ ክፍት ነው፤ ውሃው ይፈስሳል። ከበሰበሰ ቅጠልና ሥር የተሠራው ጥቁር አፈር ደርቆ ዱቄት ሆኗል። ከአንድ ቦታ ወደ ላይ ያለው የቦዩ ዳር ግን ጭቃ ነው። ሬሳው በነበረበት መሬት ላይ መዳፏን አሳረፈች፤ አቃጠላትና ቶሎ አነሣችው። ከዚያ ማዶ፣ ያልተመነጠረው ጫካ ገብታ እጇን አፈሩ ውስጥ ሰደደች። ቀዝቃዛ ነው፤ ሲጨምቁት ውሃ ይወጣዋል።

አመሻሽ ላይ ሁሉንም ቦዩ ዳር ሰበሰበች፤ ታናሹን ከነካቴናው፣ እናቱንም።

«ዶክተር፣ መንጋጋው ደርቆ አልከፈት ብሎ ነበር?»

«ደርቆ ነበር። ግን ገላው ሞቃት...»

«መንጋጋ የሚደርቀው ሰው ከሞተ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው፤ ገላውን ያሞቀው መሬቱ ነው! ጫካው ተነቅሎ፣ ውሃው ፈስሶ የጋለ መሬት። ዛፉ ሥር ወድቆ ቢሆን ቀዝቅዞ ያገኙት ነበር። የሞተው በጠዋት ነው፤ ታናሹ ያኔ ገበያ መሀል፣ ሰው እያየው ዕቃ ያወርድ ነበር።»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። እሷ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች።

«ቦዩ ጠዋት ተደፍኖ ነበር፤ የታቆረው ውሃ ዳሩን አጨቅይቶታል። ታናሹም ዶክተሩም ሲደርሱ ግን ክፍት ነበር። መደፈኑን ያየው የደፈነውና የከፈተው ብቻ ነው። ከቤትዎ በቀጥታ ስብሰባ ከሄዱ፣ እርስዎ እንዴት ዐወቁ?»

«ማንም... ሠራተኞቹ...»

«የትኛው ሠራተኛ? ይጥሩት።»

ወደ ቦዩ ዞረና «ችግኙ ሊሰጥምብኝ ነበር» አለ በቀስታ።

የታናሹ ካቴና ተፈታ። ፖሊሱ ሥራ አስኪያጁን ወደ መኪናው ሊወስደው ሲል እናትየው መንገዱ ላይ ቆመች።

«የትም አትወስዱትም! አንተ፣ እዚሁ ሰው ሁሉ እየሰማ መልስልኝ፤ ልጄ ምን አደረገህ?»