የረሻድ ግትር ብሎን

ረሻድ ዴንቨር ውስጥ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ፣ ለወራት ሲያድሰው በከረመው አሮጌ ሞተር ሳይክል ሥር ሞቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል፤ እጁ አጠገብ ካቻቢቴ ወድቋል። የሞተሩን ክዳን የያዘችው ብሎን ጭንቅላቷ ተፋፍቋል። የመጣው ፖሊስ፣ «ብሎኗን ለመፍታት ሲታገል ሞተር ሳይክሉ ከክሪኩ ተንሸራቶ ወድቆበታል» ብሎ ጻፈና ሄደ።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 1996 ነበር፤ የስቴፕልተን አየር ማረፊያ ተዘግቶ የሰፈሩ ሰማይ ጸጥ ካለ ዓመት አልፎታል። ሚስቱ ሰውዳ የፖሊሱን ቃል አላመነችም፤ ፀሐይነሽን ጠራቻት። ፀሐይነሽ አዲስ አበባ የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ አሁን ዴንቨር ውስጥ በግል ምርመራ የምትተዳደር ጎልማሳ ሴት ናት። ውሸት ስትሰማ አትቆጣም፤ ትንቃለች።

«ጠላት ነበረው?»

«ምላሱ ያፈራለት ነበር» አለች ሰውዳ። «የሰው እጅ ሥራ አይቶ አመስግኖ አያውቅም።»

«የዚያን ዕለትስ?»

«ምሳ ሊበላ ሲገባ ደስ ብሎት ነበር። ‹ያቺ ግትር ወጣች› አለኝ። ሳምንት ሙሉ ስለ እሷ ሲያማርር ሁላችንም ሰልችቶን ነበር።»

ጋራዡን የሚጋራው የታክሲ ሾፌሩ ፈሪድም ይህንኑ አረጋገጠ። «ብሎኗ ዘይት ጠጥታ አደረች። ጠዋት በጋዝ እሳት አሞቅናት፤ በመዶሻ ሲመቱት በሚዞረው መፍቻ መታ መታ ሲያደርጋት ተላቀቀች። እንዳትጠፋ ብሎ በጣቱ መልሶ ሰካት። እኔ ሺፍት ነበረኝ፣ ወጣሁ።»

«ትወደው ነበር?»

«ማን ይወደዋል? እኔን ‹መሪ ተሸካሚ› እንጂ ሾፌር ብሎኝ አያውቅም።»

የመጨረሻው ተጠያቂ ባለሱቁ ኡበይዳ ነበር። የረሻድን እህት ዛኪያን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ፣ ረሻድ ከመለሰበት ገና ወር አልሞላውም።

«ከምሳ በኋላ ጎራ ብዬ ነበር» አለ። «ከዚያች ብሎን ጋር ሲታገል ትቼው ሄድኩ። እልኸኛ ነበር፣ አላህ ይማረው።»

ፀሐይነሽ ጋራዡ ውስጥ ተንበርክካ ብሎኗን በባትሪ ለረጅም ጊዜ አየቻት። በማግስቱ ከሰዓት ሁሉንም እዚያው ሰበሰበች፤ ዛኪያም መጣች። ፖሊሶቹ ውጭ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ይጠብቃሉ።

«ብሎን የሚፈታው ወደ ግራ ነው» አለች። «ካቻቢቴ ሲያዳልጥ የሚገፋውን ጠርዝ ይበላል። የዚች የተበላው ግን ወደ ቀኝ ሲዞር የሚገፋው ጠርዝ ነው። ገዳዩ ሲፈታ አልነበረም፤ ሲያጠብቅ ነበር። አደጋ ለማስመሰል ሊጠቀምባት ያሰባትን ብሎን ልቅ ሆና አገኛት። ስለዚህ አጠበቃትና ጭንቅላቷን ፋፋቃት።»

ወደ ኡበይዳ ዞረች።

«ሰውዳና ፈሪድ ብሎኗ መውጣቷን ነገሩኝ። ገዳይ የራሱን ማሳበቢያ አያፈርስም። ከምሳ በኋላ ሲታገላት አየሁ ያልከው አንተ ብቻ ነህ፣ ኡበይዳ።»

«ራሱ መልሶ አጥብቋት ይሆናል፣ እትዬ።»

«ረሻድ? በስንት መከራ ያወጣትን? ደግሞስ ከፊቱ ያለ ሞተር ሳይክል ወድቆበት የራስ ቅሉ ከኋላ ይሰበራል? ስትዋሽ እንኳ ትንሽ አትለፋበትም።»

ኡበይዳ መሬት መሬት አየ።

«በሽማግሌዎች ፊት፣ ‹ብሎን መፍታት የማይችል እጅ እህቴን አይነካም› አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ይቅርታ እንዲጠይቀኝ ነበር የሄድኩት። ሳቀና ጀርባውን ሰጠኝ። መዶሻው አጠገቤ ነበር።»

«አፉ ክፉ ነበር» አለች ፀሐይነሽ። «አንተ ግን ሬሳው ላይ ብረት ጎትተህ ስታበቃ፣ ለቅሶ ቤቱ ገብተህ ሚስቱን ‹አይዞሽ› አልክ። ረሻድ እንኳ የሚገባህን ያህል አልናቀህም።»

ዛኪያ ወደ ኡበይዳ ቀረበች።

«ረሻድን፣ ‹ባትፈቅድም አገባዋለሁ› ብዬው ነበር» አለች። «ጀናዛውን በትከሻህ እንደተሸከምክ ሲነግሩኝ ደግሞ፣ የሰደበውን ሰው እንዲህ የሚያከብር ወንድ አገኘሁ ብዬ ኮርቼብህ ነበር።»

ፖሊሶቹ ሲገቡ ኡበይዳ ቀና ብሎ ዛኪያን ፈለጋት። እሷ ሰውዳን ደግፋ ወደ ቤት ገብታለች።