የሽቦ ሙዚቃ የማን ነው?

ሙዚቃው ሲያልቅ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ጉጉት ብቻ እጇን ኪሷ ውስጥ እንደከተተች ቀረች።

ጉጉት የሚሏት ዓይኖቿ ትልልቅ ስለሆኑ ነው። ሙዚቃውን ያሰማችው ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ወንበር የምትጋራት ጓደኛዋ ሽቦ ናት። ቅጥነቷን አይተው ያወጡላት ስም ነው።

የሙዚቃ መምህሩ ለዓመቱ መዝጊያ በዓል ዲጄ የሚሆን አንድ ተማሪ ሊመርጡ ነበር። «ጥሩ ዲጄ የሰው ዘፈን ብቻ አያጫውትም፤ የራሱንም ይሠራል» ብለው፣ መወዳደር የፈለገ ሁሉ ራሱ የሠራውን ሙዚቃ ይዞ እንዲመጣ አዘዙ። ጉጉት ባዶ እጇን መጣች። በስፖርት ቀን፣ በክፍል ጓደኞቿ ልደት፣ ያስጨፈረችው ሁልጊዜ እሷ ናት። ሁለት ዘፈን ስታገናኝ ስፌቱ አይታይም። ሙዚቃ መሥራት ግን ሞክራም አታውቅ። ሽቦም ብትሆን ጉጉት ስታስጨፍር ገመድ ከመሰካት ያለፈ ነገር ስትሠራ አይታት አታውቅም። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?

«ያንን ወፍራም የባስ ድምፅ እንዴት አድርገሽ ነው የሠራሽው?» አለቻት ኮሪደሩ ላይ።

«እንዲሁ… ነካክቼ ነዋ» አለች ሽቦ፣ ላፕቶፑን ቦርሳዋ ውስጥ እየወሸቀች።

«እስቲ ክፈቺውና አሳዪኝ።»

«ባትሪው አልቋል።»

አሁን ሲጫወት አልነበር? ጉጉትን እናቷ ሁሌ የምትላት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ጆሮዋ ላይ ያቃጭል ጀመር።

ማታ ጉጉት፣ ሽቦ ለክፍሉ ልጆች የላከችውን ሙዚቃ ደጋግማ አዳመጠች። መሃሉ ላይ አንድ ድምፅ አለ፤ ረጅም፣ የሚያቃስት፣ ምቱ ላይ ልክ የሚያርፍ። ጉጉት ብድግ አለች። ይሄን ድምፅ ታውቀዋለች። አጎቷ የድምፅ መሣሪያ የሚያከራይበት መጋዘን የብረት በር ወደ ላይ ሲነሳ እንዲህ ነው የሚያቃስተው።

አጎቷ የሠርግ ዲጄ ነው። ዘፈን ማደባለቅ ያስተማራት እሱ ነው። የሥጋ ዘመዱ እያለች ለባዳ ሙዚቃ ሠርቶ ይሰጣል? እንቅልፍ እምቢ አላት።

በማግስቱ መምህሩ ቢሯቸው አስጠሯት። «ጓደኛሽ ናትና አንቺን ልጠይቅሽ ብዬ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሥራው ለጀማሪ በጣም የበሰለ ሆነብኝ። እውነት ራሷ ናት የሠራችው?»

ሽቦ ከውድድሩ እንድትወጣ አንዲት «እንጃ» ብትል በቂ ነበር። አንደበቷ ላይ ደርሳለች።

«ነገ ብነግርዎትስ፣ ቲቸር?»

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄደች። አጎቷ ደጃፉ ላይ ገመድ ይጠቀልላል።

«ለሽቦ ሙዚቃ የሠራህላት አንተ ነህ?»

«እኔ?» ሳቀ። «ከተወለድኩ አንድ ቢት ሠርቼ አላውቅ! ሠርገኛውን ያስጨፈርኩት በሰው ዘፈን ነው።»

«በርህ ሙዚቃዋ ውስጥ ምን ይሠራል ታዲያ? አትሸውደኝ፣ ነቄ ነኝ።»

አጎቷ ሳቁን ዋጠ። «እሷን ጠይቂያት። እኔ ቃል ሰጥቻለሁ።»

ቃል? የምን ቃል? ጉጉት የውስጠኛውን ክፍል በር ገፋችው። ሽቦ ትልቅ ማዳመጫ አድርጋ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተደፍታለች። ጉጉትን ስታይ ክው ብላ ማዳመጫውን አወለቀች።

«ባሱን ብቻ አሰሚኝ» አለች ጉጉት፣ ሰላምታም ሳትሰጥ። «ሌላውን ሁሉ አጥፊው።»

ሽቦ ድምፆቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸውና ባሱ ብቻውን ቀረ። ቀጥላም ከበሮውን፣ የበሩን ማቃሰት፣ ዜማውን በተራ እየመለሰች ሙዚቃውን ጉጉት ፊት እንደገና ገነባችው። ጣቶቿ የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያ ሙከራዋን ከፈተችላት። ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ የሚዘንብ ይመስላል።

«ቤታችን ጫጫታ ነው። አጎትሽ እዚህ እንድሠራ ፈቀደልኝ» አለች ሽቦ።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ቢት ሠሪ ማለት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ማውስ የሚጫን ነው እያልሽ ስትስቂ አልነበር? ሳልጨርሰው እንዳትስቂብኝ ነዋ።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ቲቸር ተጠራጥረውኝ አንቺን አስጠርተውሽ ነበር አሉ። ምን አልሻቸው?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት እኮ ከጠረጠረኝ ሰው ጋር መስማማት ነው» አለችና ማዳመጫዋን መልሳ አጠለቀች።

ጉጉትን አጎቷ እስከ መንገዱ ሸኛት።

«ዲጄ ለመሆን የግድ ሙዚቃ መሥራት አለብኝ?» አለችው።

«እኔ እንጃ ልጄ። ባለመሥራቴ የቀረብኝ አለ፤ የሚሠሩት ወጣቶች እየቀደሙኝ ሄደዋል። ግን ሙሽራዋ ደክሟት፣ አክስቶቿ ገና እየሞቃቸው ሲሄድ ቀጥሎ ምን ላጫውት ብትይ፣ መልሱ ያለው ሰዉ ፊት ላይ ነው። ይሄንንም ተቀምጠሽ አትማሪውም።»

በማግስቱ ጠዋት የመምህሩን ቢሮ አንኳኳች።

«ሙዚቃው የራሷ ነው፣ ቲቸር። ፊቴ ሠርታ አሳይታኛለች።»

«ጎሽ። እንግዲህ አለቀ» አሉና እስክሪብቷቸውን አነሱ።

ጉጉት አልወጣችም። «እኔ የሠራሁት ሙዚቃ የለኝም። ግን ከመምረጥዎ በፊት ሁለታችንንም ሰው ፊት ይስሙን። ግቢው ውስጥ፣ በእረፍት ሰዓት።»

መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀምጠው አስተዋሏት። «እሷስ ትስማማለች?»

ይሄን አላሰበችበትም። መምህሩ ጠርተው ቢነግሯት ይቀላል። ሽቦ ግን ሁለተኛ ጊዜ ከጀርባዋ እንደተወራባት ይሰማታል።

«እኔው ልጠይቃት» አለች።

ሽቦ ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ ቧንቧ አጠገብ ከልጆች ጋር ቆማ ትስቃለች። ጉጉትን ስታያት ሳቋን አቋርጣ ፊቷን አዞረች። ጉጉት መሃል ግቢው ላይ ቆም አለች። ልጆቹ ሁሉ ያዩዋታል።

እጆቿን ከኪሷ አውጥታ ወደ ቧንቧው መራመዷን ቀጠለች።