ዲስኩ የቆጠረው

«ሄደ» አለች ምሕረት። ምንም እንዳልነካች ለማሳየት ሁለት እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ ከፍ አድርጋ ይዛለች።

ኢልሀም ከጀርባዋ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። ግማሾቹ ስሞች የጥያቄ ምልክት ሆነዋል። ከሥር ያው የለመዱት ቀይ ጽሑፍ አለ፤ ዳታቤዙ ተበላሽቷል ይላል። በአንድ ወር ውስጥ ሦስተኛው መሆኑ ነው።

ክፍሏ ማርካ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ናት። ዓረብ አገር፣ አማን ከተማ ውስጥ በየሰው ቤት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ዓርብ ዓርብ፣ በእረፍት ቀናቸው ይሰበሰቡባታል። የማኅበራቸው መዝገብ ያለው ጠረጴዛው ሥር በቆመ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሁሉም «ሰርቨሩ» ይሉታል፣ ማዕረጉ ትንሽ ቢበዛበትም። የአራት መቶ ሴቶች ስም፣ የሚሠሩበት ሰፈርና አገር ቤት ያለ ዘመዳቸው ስልክ እዚያ ተመዝግቧል። አንዷ ብትታመም ለቤተሰቧ የሚደወለው ከዚያ ተፈልጎ ነው።

የማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ ደማቀች መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ።

«አሁንስ ምን ነካሽበት?»

«ምንም። የአንዲት ሴት ስልክ ላርም ብዬ ከፈትኩት፣ በቃ።»

«ባለፈውም ምንም ነበር ያልሽው።» እትዬ ደማቀች ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ምሕረትዬ፣ ክፉ ሆኜ አይደለም። ግን የሰው አደራ ነው። ከጁምዓ በኋላ ሁሉም ሲመጡ ወንበሩን ለሌላ ሰው እናስረክባለን። ኻላስ፣ አበቃ።»

ምሕረት አልተከራከረችም። ኢልሀምን ያንገበገባትም ይኸው ነው፤ በደህናው ቀን ምሕረት አፍ የላትም አትባልም። ዘንድሮ በኢቃማ ጣጣ፣ በመኖሪያ ፈቃዷ ምክንያት ማለት ነው፣ ከትምህርት ቤት ቀርታለች። ሳምንቱን ሙሉ ስዌይለህ ሰፈር የአክስቷን ልጆች ስትጠብቅ ትውላለች። ዓርብ ብቻ እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ትልልቅ ሴቶች ተራ ይዘው «እህቴ፣ እስቲ ስሜን እዪልኝ» ይሏታል።

«አንድ ሰዓት ይስጡኝ፣ እትዬ ደማቀች» አለች ኢልሀም። «ችግሩ ከማሽኑ ይሆናል።»

ማሽኑን የምትንከባከበው እሷ ናት። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ቢሆንም ሴቶቹ «ሙሀንዲሳ» ይሏታል፤ እሷም መሐንዲስ መባሉን አትጠላውም። ጁበይሃ ካለው ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማረው አሚር ሰርቨሩን ሲተክል ሁሉንም ነገር ያሳየው ለእሷ ነው።

ኢልሀም ምሕረት የተነሳችበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያለፉትን ሁለት ጊዜያት መዝገቡን ከፍላሹ ግልባጭ መልሳው ነበር። አንድ ሳምንት ደህና ይሠራና በሌላ በኩል ይፈርሳል፤ መጀመሪያ ስልኮቹ፣ ቀጥሎ ሰፈሮቹ፣ አሁን ደግሞ ስሞቹ። ሰው ቢሰርዘው ኖሮ ፕሮግራሙ ማን መቼ እንደሰረዘ ይጽፍ ነበር። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። ምሕረት አንዲት ፊደል አልሰረዘችም።

የኃይል ገመዱን ቀየረች፤ ለውጥ የለም። ሚሞሪውን ፈተሸች፤ ደህና ነው። አሚር ጋ ደወለች።

«መጀመሪያ የቀረውን ሁሉ ወደ ፍላሽ ገልብጪ» አላት። «ከዚያ ዲስኩን ራሱን ጠይቂው። የጤና ፕሮግራሙን ጭኜልሻለሁ።»

ገልብጣ ከፈተችው። የማይነበቡ ቦታዎች፣ 216 ይላል።

«ተበላን» አለ አሚር። «መረጃው የሚጻፍበት ሳህን ተጭሯል ማለት ነው። የተበላሸው ቦታ ላይ የወደቀ ስም ሁሉ ይጠፋል። እስቲ ወደ ታች ውረጂ። እየሠራ ሳለ ስንት ጊዜ እንደተመታ ዲስኩ ራሱ ይቆጥራል።»

«ዐሥራ አንድ።»

«ዐሥራ አንድ? አረንጓዴው መብራት በርቶ ማንም እንዳያንቀሳቅሰው ብዬሽ አልነበር? ማን ነው የሚያነሳው?»

«አላውቅም» አለች ኢልሀም። ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት። ስልኩን ዘጋች።

ታውቃለች። ዓርብ ጠዋት ክፍሏን ቀድማ የምትከፍተው እሷ ናት። ሰርቨሩ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ስለሚፈጅበት መጀመሪያ ታበራዋለች፤ እሱ እስኪነቃ ወለሉን በውሃ አጥለቅልቃ ታጥባለች። ሌላው ቢቀር ወለሉ መታጠብ አለበት። ስድስት ቀን የሰው ወለል ሲያጥቡ የሚሰነብቱ ሴቶች ገና ከበሩ የሚያዩት ወለሉን ነው። ጉልበቷን ታምማ ሥራውን ለኢልሀም የለቀቀችላት እናቷ ጀሚላም አጥብቃ ነግራታለች፦ «ዙሪያውን ብቻ አጥቦ መውጣት ማዳምን ማታለል ነው። ሸጥፍ፣ ወለል ማጠብ ማለት እቃ ሲነሳ ነው።»

ስለዚህ ታነሳዋለች። ውሃ እንዳይነካው አቅፋ ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች። ስታነሳው ቀስ ብላ ነው፤ ስታወርደው ግን ስለሚከብዳት ጓ ይላል። ካጠበች ስንት ዓርብ እንደሆነ በጣቷ ቆጠረች። ጣቶቿ አልበቋትም፤ ከዐሥሩ በኋላ አንድ ተረፈ።

አፈረች። ወደ በረንዳው ወጣች፣ ተመለሰች፣ ውሃ ቀዳች፣ ሳትጠጣ አስቀመጠችው። ከመስጊዱ የወጡት ሴቶች መግባት ጀምረዋል።

«ማሻላህ፣ ወለሉ እንዴት ያብረቀርቃል» አለች አንዷ ጫማዋን እያወለቀች። «ማዳሜ ብታይሽ እኔን አባርራ አንቺን ትቀጥር ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ። ኢልሀም አልሳቀችም።

ክፍሏ ስትሞላ እትዬ ደማቀች ጠሯት። «እህስ፣ ሙሀንዲሳ? ምን አገኘሽ?»

«ዲስኩ ነው የተበላሸው። አርጅቶ ነው» አለች ኢልሀም። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ይበቃል ብላ ተስፋ አደረገች። «የጠፋውን ከግልባጩ እመልሰዋለሁ። ምሕረት ምንም አላደረገችም።»

እትዬ ደማቀች አሰቡበት። «ልጄ፣ ለጓደኛሽ ማዘንሽ ደግ ነው። ግን ይህ ዕቃ ዓመት ሙሉ ደህና ሠርቷል። ምሕረት ከተቀመጠችበት ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። እሷ ስትመጣ ነው ያረጀው?»

ኢልሀም በልቧ አሰላችው። እውነት ነው፤ ምሕረት ትምህርት አቋርጣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችውና እሷ ማጠብ የጀመረችው በአንድ ሰሞን ነው።

ምሕረት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «አቦ ተዪው፣ ኢሉ» አለች በለሆሳስ። «ጣጣ የለውም። የስዌይለህ አውቶቡስ ሳይሞላ ልሂድ።» የመዝገብ ጠረጴዛውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ኢልሀም ቁልፉን አየችው። ከነገ ጀምሮ ማንም ሙሀንዲሳ ላይላት ይችላል። እናቷም ትሰማለች፤ የእናቷ ዝምታ ደግሞ ከቁጣዋ ይከብዳል። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ ሰርቨሩን በወጉ አጠፋችው። አረንጓዴው መብራት እስኪጠፋ፣ ውስጡ የሚሽከረከረው ድምፅ ዝም እስኪል ጠበቀች። ከዚያ ተነስታ ቆመች።

ምሕረት በሩ ጋ ደርሳ ጫማዋን እየፈለገች ነው።

«እትዬ ደማቀች» አለች ኢልሀም፣ ምሕረት ድረስ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ዓርብ ዓርብ ወለሉን የማጥበው እኔ ነኝ።»

«እሱንማ እናውቃለን፣ ሐቢብቲ። እንዴት አድርገሽ እንደምታጥቢም እናያለን።»

«አላያችሁም» አለች ኢልሀም። «ላሳያችሁ።» ሰርቨሩን አቅፋ ከወለሉ አነሳችው።