ዛሬ እውነት የተበላሸው ካሜራ

«ካሜራው ጠቁሯል» አለ ሙሐመድዘይን።

«ከኋላ የሚመጣውን አላህ ያያል» አለ ዓሪፍ።

የይለፍ ቃሉ ገጠመ።

መርሳ በታጣቂዎች ከተያዘች ሁለት ወሯ ነው። ስልክ የለም፣ መብራት የለም። ዓሪፍ ከመናኸሪያው ጀርባ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ዓሪፍ ስሙ አይደለም፤ የክርስትና ስሙን እዚህ አገር የሚያውቅ ከፈጣሪ በቀር ማንም የለም። የላኩት ሰዎች «ገለባ» ይሉታል። ሙሐመድዘይን የሐራ እህል ነጋዴ ነው፤ እሱን ደግሞ «ወንፊት» ብለውታል። ታጣቂዎቹ መድፋቸውን የት እንደደበቁ ይጽፍና ከፒክአፑ የኋላ ካሜራ ሽፋን ውስጥ ወሽቆ ያመጣል። ዓሪፍ ካሜራ የሚጠግን መስሎ ያወጣዋል። ከዚያ እማማ አሰለፈች ቅርጫታቸውን ይዘው ይመጡና ወረቀቱን ውርጌሳ፣ ለወገን ጦር ያሻግሩታል።

ዓሪፍ የካሜራውን ሽፋን በካቻቢቴ ፈታው። ወረቀቱን በመዳፉ ውስጥ አነበበ።

«መድፎቹ ሐራ፣ የእህል መጋዘኑ ውስጥ ገብተዋል። ዛሬውኑ ይመታ።»

ደግሞ አነበበው። ባለፈው ሳምንት እማማ አሰለፈች እዚያው መጋዘን ከቆቦ ለተፈናቀሉ እናቶች ቆሎ አድርሰው ነበር። አስለቅቀዋቸው ይሆን?

«ቁልፉን ክፈት። የኋላ ማርሽ አስገባ» አለ።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ምስል የለም።

የካሜራው መበላሸት ሁልጊዜ ውሸት ነበር። ዛሬ እውነት ሆነ።

ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። ሶኬቱን ነቅሎ ሰካ፤ ያው ነው። ቴስተሩን ከቀዩ ሽቦ ላይ አደረገ፤ አልበራም። ካሜራው ኃይል የሚያገኘው ከኋላ ማርሽ መብራት ነው። የመብራቱን ሽፋን ከፈተ። አምፖል የለም። ሽቦው ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

እጁ ቆመ።

ያን ሰሞን የሀብሩ ወረዳ ነጋዴ መኪናውን አጥቦ፣ ነጭ ጨርቅ አንጠልጥሎ፣ መብራቱን ሁሉ አብርቶ ነበር የሚሄደው፤ የወገን ጦር አውሮፕላን ሲቪል መሆኑን እንዲያይለት። አምፖል የሚያወልቁት ከታጣቂ ጋር በጨለማ የሚጓዙት ናቸው። ይሄን የቆረጠ ሰው ካሜራው አብሮ እንደሚሞት አላወቀም።

ዓሪፍ ሽቦውን ቀጠለ። ወረቀቱን አፉ ውስጥ ጨምሮ አኘከው። ሙሐመድዘይንን ወደ ጎን አስጠግቶ መሪው ጋ ተቀመጠ። የጎን መስታወቶቹ ፍተሻ ላይ ተሰብረዋል፤ ከኋላ የእህል ጆንያ እስከ ላይ ተጭኗል። ወደ ኋላ የሚታየው በስክሪኑ ብቻ ነው።

ስክሪኑ በራ።

ከመኪናው ኋላ ካለው ግንብ ሥር ሁለት ሰዎች። ጋቢ ለብሰዋል። ከጋቢው ሥር የጠመንጃ አፈሙዝ።

«እነማን ናቸው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሙሐመድዘይን ጎኑ ተቀምጦ ጉልበቱን ያያል። «ልጄን ይዘውብኛል። ወረቀቱን ማን እንደሚቀበልህ ማየት ነው የፈለጉት።»

«መጋዘኑ ውስጥስ?»

«እናቶች ናቸው። መቶ ይሆናሉ።»

«እያወቅህ ጻፍከው?»

«አስጻፉኝ። ልጅ አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያ አትፍረድብኝ።»

ስክሪኑ ላይ ቅርጫት ብቅ አለ።

እማማ አሰለፈች።

በሁለቱ ሰዎች መካከል አልፈው በመስኮቱ በኩል መጡ። «ዓሪፍ ልጄ፣ ደህና አደርህ ወይ? ሥራው እንዴት ነው? ጤናህስ?»

አልመለሰም። ቀና ብሎም አላያቸው። ስምምነታቸው ይኸው ነበር፤ ሰላምታ የነፈጋቸው ቀን እንዳይቆሙ። ወሎ ውስጥ የእናትን ሰላምታ በስህተት የሚረሳ ሰው የለም።

እማማ አንድ አፍታ ቆሙ።

«ኧረ ተወው! ሰላምታም እንደ ጨው ተወደደ?» አሉ ጮክ ብለው። ቅርጫታቸውን አስተካክለው አለፉ።

ማንም አልተከተላቸውም።

«መድፎቹ በእውነት የት ናቸው?» አለ ዓሪፍ።

«ከመርሳ በታች፣ ማንጎው እርሻ ውስጥ። ሰባት መድፍ።» ሙሐመድዘይን በሩን ከፈተ።

«የት ልትሄድ?»

«መንገዱ ጠባብ ነው። ወርጄ ላስወጣህ።»

«ይገድሉሃል።»

«አብሽር። ሞተሩን አስነሣ።»

ኋላ ሄዶ ቆመ። ሹፌር እንደሚያስወጣ ሰው እጁን እያወዛወዘ የመኪናውን ጎን ይመታል። «ና! ና! አለህ፣ አለህ! ና!»

«ቀስ በል፣ ሰውዬ!» አለ አንዱ ታጣቂ ወደ ግንቡ እየተጠጋ።

«አትፍራ ወንድም፣ ካሜራ አለው» አለ ሙሐመድዘይን። ከዚያ ዘወር ብሎ ጮኸ። «አሁን!»

ዓሪፍ ነዳጁን ረገጠ።

ግንቡ ተናጋ። አንዱ ታጣቂ በመኪናውና በግንቡ መሀል ቀረ። ሌላው በጎን ዘሎ ተኮሰ።

ሙሐመድዘይን መሬት ላይ ተቀመጠ። ገበያ ውሎ እንደደከመው ሰው፣ ቀስ ብሎ።

ዓሪፍ ማርሹን ወደ ፊት ቀየረ። ስክሪኑ ጠፋ።

እስከ ወንዙ ነዳ። መኪናውን ጥሎ በጫካ ሄደ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ውርጌሳ ደረሰ።

«ሐራ አይመታ» አለ ለመኮንኑ። «ማንጎው እርሻ ውስጥ ነው። ሰባት።»

«ምንጩ?»

«ወንፊት። ሞቷል። ልጁን ይዘውታል።»

መኮንኑ ጻፈ። «የልጁ ነገር የእኛ ሥራ አይደለም። አንተም ከዛሬ ጀምሮ ዓሪፍ አይደለህም።»

ከሰዓት በኋላ የማንጎው እርሻ ተቃጠለ። የሐራ እናቶች ከነልጆቻቸው ተረፉ፣ ተመስገን። እሱ ግን ደስታውም ኀዘኑም አልመጣለትም። ለሙሐመድዘይን ሊጸልይ አሰበ። ፋቲሃውን ጀመረ፣ አባታችን ሆይን ጀመረ። አንዱንም አልጨረሰም።

ተፈናቃይ መመዝገቢያው ጋ ተሰለፈ።

«ስም?» አለች መዝጋቢዋ።

«ሄኖክ።»

«ሥራ?»

«የቀን ሠራተኛ።»

«ቤተሰብ?»

«ብቻዬን።»

ብርድ ልብስ ሰጥታ ድንኳኑን አሳየችው። አንዲት ባልቴት ልጆቻቸውን ገፋ ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁለት። «ና ልጄ፣ እዚህ ግባ። ምነው ብቻህን? ሰዎችህስ?»

«ይመጣሉ» አለ።

ጫማውን አወለቀ። ፊቱን ወደ ሸራው አዙሮ ተኛ።