ከዝርዝሩ የቀረው አሥራ ሰባት ቁጥር

በዚያ ቤት ሳቅ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ባል የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር፣ ሚስት የዚያው ድርጅት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የባልየው ታናሽ ወንድም ደግሞ የጋራዡ መካኒክ ነበሩ። እናታቸው ሁለቱን ወንድሞች ግራና ቀኝ አስቀምጠው ሲያበሉ ዓለም በሙሉ የእርሳቸው ትመስላቸው ነበር። ደስታ እንዲህ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሰበሰብ፣ ይበተናል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

አሥራ ሰባት ቁጥር የሆነው የሹፌሩ አሮጌ አውቶቡስ አገልግሎቱን ጨርሶ አዲስ ሲሰጠው፣ ጎኑ ላይ ሊጻፍ የታሰበው ቁጥር አርባ ሁለት ነበር። እሱ አሻፈረኝ አለ።

«አሥራ ሰባት ካልሆነ መሪ አልጨብጥም።»

«ልጅ ነህ እንዴ አንተ?» አለችው ሚስቱ።

«አንቺን ያገኘሁሽ በአሥራ ሰባት ነው። ያለ ቲኬት ተሳፍረሽ እኔኑ መልሰሽ የተቆጣሽኝን ረሳሽው? ብተወውማ ታኮርፊያለሽ።»

አለቃቸው ስቆ ፈቀደ። ለአዲሱ አውቶቡስ በመዝገቡ ላይ አዲስ መስመር መክፈት የሚስቱ ሥራ ነበር። ነገር ግን የድሮው አሥራ ሰባት የሰፈረበትን መስመር ለመሰረዝ እጇ አልታዘዝ አላት። «ነገ አስተካክለዋለሁ» አለች። ነገ የራሱን ሥራ ይዞ መጣ፤ መዝገቡም በአሥራ ሰባት ፊት የተጣለውን አውቶቡስ የሻንሲ ቁጥር፣ ፋብሪካው በብረቱ ላይ የሚቀርጸውን መለያ፣ እንደያዘ ቀረ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ከፋብሪካው ደብዳቤ መጣ፦ የፍሬን ቱቧቸው ስለሚሰነጠቅ፣ የሻንሲ ቁጥራቸው የተዘረዘረ አውቶቡሶች ሳይጠገኑ ሰው እንዳይጭኑ። እሷ ደብዳቤውን ከመዝገቡ ጋር አመሳክራ፣ ጋራዡ በሚያውቀው በጎን ቁጥር አሥራ አንድ አውቶቡሶች ለይታ ሰጠች።

«እትዬ፣ የወንድሜ የለበትም?» አለ መካኒኩ።

«የለበትም። ሁለቴ አይቻለሁ።»

አሥራ አንዱም ተጠገኑ። አሥራ ሰባት ቁጥርን መካኒኩ እንደወትሮው ፈትሾ ፈረመ፤ ስንጥቁ ከውጭ አይታይም ነበር። በዘጠነኛው ቀን፣ ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬኑ እምቢ አለ። ሹፌሩ ወደ ገደሉ እንዳይወርድ አውቶቡሱን በራሱ በኩል ከተራራው ድንጋይ ጋር አላተመው። አርባ አንድ ተሳፋሪዎች በሕይወት ወጡ። እሱ ግን... እሱ ብቻ ቀረ!

«አንተ አይደለህ የፈረምከው?» አሉ እናት ታናሹን ልጃቸውን በለቀስተኛው ፊት። «ወንድምህን በእጅህ ገደልከው! ደጄን እንዳትረግጥ!» መካኒኩ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እሱም ራሱን ይከስ ነበር።

ሚስት ከለቅሶው በኋላ ሥራ በገባች በሦስተኛው ቀን፣ ከአውቶቡሱ ስብርባሪ ላይ የተቀዳው የሻንሲ ቁጥር በጠረጴዛዋ ላይ ደረሰ። ከፋብሪካው ደብዳቤ ላይ ፈለገችው፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ አገኘችው። አላለቀሰችም። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስገብታ ቆለፈችበት።

አራት ወር ዝም አለች። መካኒኩ ከሥራ ተባረረ። እናት አልጋ ያዙ። እሱም ጠዋት ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ቆሞ የእናቱን መስኮት አይቶ ይሄዳል። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ታየዋለች፤ ለአማቷም «ዛሬ ነፋስ አለ» ብላ መስኮቱን ትዘጋለች። ሐኪሙ «ብዙ አይቆዩም» ያለ ቀን ግን፣ መስኮቱን ክፍት ተወችው። በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን ይዛ አልጋው ሥር ተንበረከከች።

«እማማ፣ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። አውቶቡሱን ከዝርዝሩ ያስቀረሁት እኔ ነኝ!»

ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ጥሪልኝ» አሉ አሮጊቷ። «ልጄን ጥሪልኝ!»

መካኒኩ መንገዱን ሮጦ ተሻገረ። እናት ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት። «በከንቱ አቃጠልኩህ... ይቅር በለኝ፣ ልጄ...» ተቃቅፈው ሲላቀሱ፣ እሷ ነጠላዋን አንስታ ወደ በሩ አመራች።

«ወዴት ነው?» አሉ እናት። «ነይ ተቀመጪ። ባልሽ ካንቺ ሌላ ምን ትቶልኛል?»

ታርቀው የቆዩት ግን ሁለት ቀን ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን እናት አረፉ።

የቱቦውን መሰንጠቅ ዕጣ ፈንታ እንበለው። ያንን የመዝገብ መስመር አለመሰረዟንም፣ ፍቅር ነውና፣ ዕጣ ፈንታ እንበለው። እናትና ልጅ በአንድ መንገድ ስፋት ተለያይተው የባከኑትን አራት ወራት ግን ምን እንበላቸው? ወራቱን የወሰደችባቸው ሚስትየዋ ራሷ ነበረች፤ ከባሏ ሞት ይልቅ የሚከብዳትም ይህ ሆነ።