የምትዞረው ሳጥን

በፈረንጆች አቆጣጠር ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ነበር። በስፔን አገር ከባድ ውርጭ ወረደ።

የገበሬው የፌርሚን የለውዝ ዛፎች አብበው ነበር። እዚያ አገር ለውዝ እንደ ኦቾሎኒ ከመሬት አይወጣም፤ በዛፍ ላይ ያፈራል።

ውርጩ ነጩን አበባ በአንድ ሌሊት አጠቆረው።

ቤት ውስጥም ብርድ ነበር። ትልቋ ልጁ ካሲልዳ መንኩሳ ገዳም ከገባች ወዲህ፣ ፌርሚን ስለ እሷ አያወራም።

«አባዬ፣ ካሲልዳ መቼ ትመጣለች?» አለች ትንሿ ልጁ ቤኒታ።

«አትመጣም። ሾርባሽን ጠጪ።»

የዚያ ገዳም እማሆዮች ወደ ደጅ አይወጡም። ፊታቸውን ማንም አያይም። ለውዝ ፈጭተው፣ ከስኳር ጋር ለውሰው፣ ነጭ ጣፋጭ ይሠራሉ።

በገዳሙ ግድግዳ ውስጥ የምትዞር የእንጨት ሳጥን አለች። ሰው ለውዝ ያስገባል። ሳጥኗ ኪርር… ኪርር… ትላለች። ጣፋጭ ይወጣል።

ቤኒታ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ የእህቷን ድምፅ መስማት።

የለቀማ ጊዜ ደረሰ። ዛፎቹ ባዶ ነበሩ። ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ያለው አንድ ዛፍ ብቻ፣ ዘግይቶ ስላበበ፣ ከውርጩ ተርፎ አፈራ።

ቤኒታ ለቀመች። በድንጋይ ሰበረች። ኳ! ኳ! ኳ!

አንዲት ፍሬ እንኳ አልቀመሰችም። ሁሉንም በመሐረብ ቋጥራ ወደ ገዳሙ ሮጠች።

ቅጭል! ቅጭል! ደወሉን ጎተተች።

«ማነው?» አለ የአሮጊት ድምፅ።

«እኔ ነኝ፣ እማሆይ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም!»

«ለውዝ ያመጣሁት እኔ!»

«እሱስ ይሻላል። በይ አስገቢው።»

ኪርር… ኪርር… ሳጥኗ ዞረች።

ከውስጥ ቅርጥፍ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎም፣ «እትፍ! እትፍ! እትፍ!»

«ልጄ፣ ይሄ እኮ መራራ ነው! ሰው ያሳምማል። እንዳትበዪው!»

ቤኒታ ከግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። እንባዋ ጉልበቷ ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ።

«ምን ሆኑ፣ እማሆይ?» አለ ከውስጥ ሌላ ድምፅ።

«መራራ ለውዝ አጎረሱኝ!»

«እስቲ እኔም በምላሴ ልንካው።»

ስታጣጥም ተሰማች።

«ይሄ… ይሄ የእኛ ቤት ለውዝ ነው። የጉድጓዱ ዳር መራራ ዛፍ። ቤኒታ? አንቺ ነሽ?»

«ካሲልዳ!»

ቤኒታ ሳጥኗን በሁለት እጇ አቀፈች። የእህቷ ድምፅ አለ። ፊቷ ግን የለም።

«አባዬ ደህና ነው?»

«ዝም ይላል።»

«ስለ እኔስ?»

«ስለ አንቺ በጣም ዝም ይላል።»

ካሲልዳ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ።

«በሉ፣ ይበቃል ልጆች» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው።

ኪርር… ኪርር… አንድ ነጭ ጣፋጭ ወጣ።

«ለአባዬ ስጪልኝ» አለች ካሲልዳ።

ቤኒታ ጣፋጩን ይዛ ቤቷ ገባች። ገበታው ላይ አስቀመጠችው።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከካሲልዳ። መራራውን ለውዝ ወስጄላት ነበር፤ ቀምሳ የእኛ መሆኑን አወቀችው።»

«ቀምሳ?»

«ወዲያው። አባዬ ደህና ነው ወይ ብላም ጠየቀችኝ።»

ፌርሚን ጣፋጩን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ለሁለት ቆረሰው። ግማሹን ለቤኒታ ሰጣት፤ ግማሹን ራሱ በላ። ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

«ተኚ» አላት። «ጠዋት እንሄዳለን።»

ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበላት። እስክትተኛም ድረስ እግሯ ሥር ተቀመጠ።

ሲነጋ ፌርሚን ፊቱን ታጠበ። ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። የቤኒታን እጅ ይዞ ወደ ገዳሙ ሄደ።

ቅጭል! ቅጭል! ደወሉን ጎተተ።

«ማነው?» አሉ አሮጊቷ።

ፌርሚን ባርኔጣውን አወለቀ።

«የካሲልዳ አባት ነኝ» አለ።