ቅቤ የጠጣ ቁልፍ

ዘይት? ዘይት ነው ያልከው ምትኩ? ተቀመጥ! አንዲት ጠብታ ዘይት እዚያ መኪናህ ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ብታፈስ እኔና አንተ ተጣላን። ቁልፉ እምቢ ካለ እንዳለ ይቆይ፤ መኪናህ የትም አትሄድም። መብራቱም እንደሆነ ጠፍቷል፣ ቶሎ አይመጣም። እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩን ማነው ገርበብ አድርጎ የተወው? ዝጉት። አይ፣ አትቀርቅሩት! ዝጉት ብቻ ነው ያልኩት።

«የመሠረት» እንዳትሉኝ ደግሞ። ተረት አይደለም የማወራችሁ።

ጊዜው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ከብቱ ገብቷል፣ ሰዉም ገብቷል። ከገበያው ወደ አንድ መንደር የምትወስድ መንገድ አለች። ግራና ቀኟ ቁጥቋጦ ነው። ወደ መሐሏ ወንዝ አለ፣ ወንዙ ዳር አንድ ትልቅ ብሳና ቆሟል። ቤት የለም፣ ጭስ የለም። በዚያች መንገድ ላይ አንድ ሰው አሮጌ ፒካፕ ይነዳል። ስሙ ደርበው ነው። ብቻዬን ነኝ ብሎ ያስባል። ብቻውን ነበር? ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ እዚያ ምን እንዳደረሰው ስሙ።

የመንደሩን ስም አትጠይቁኝ። ብትጠይቁኝም አልናገርም።

ደርበው ብረት አዋቂ ነበር። ወፍጮ ቢቆም ደርበው፣ ራዲዮ ቢዘጋ ደርበው። እርሳስ ከጆሮው ላይ አይለይም፤ ብረት ለክቶ ምልክት የሚያደርግበት ነው። እጁ የተባረከ ነበር፣ ሆዱ ግን ሌላ ነው። ማንጠግቦሽ የምትባል ልጅ ወዶ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ጊዜም መለሱበት። ለይልቃል ዳሯት። ይልቃል ሾፌር ነው፤ በመንደሩ ያለችው መኪና የእሱ ፒካፕ ብቻ ነች። ደርበውም ሌላ ሴት አገባ። ለይልቃል ሰርግ ግን ሄዶ «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ ጉንጩን ሳመው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። የእሱ ቂም ግን አላሳለውም። አንድም ሰው አልሰማውም።

ከዚያስ? ከዚያማ የፒካፗ ቁልፍ ይያዝ ጀመር። ያረጀች መኪና አይደለች! ቁልፉ ይገባል፣ አይዞርም። ከዞረ ደግሞ አይወጣም። በጋ ነው፣ መንገዱ አቧራ ነው፣ አቧራው ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ይልቃል ወደ ደርበው መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ አክብሮት ነው የመጣው።

«ደርቤ፣ ቁልፉ አስቸገረኝ እኮ። ምን ላድርገው?»

ደርበው ቁልፉን ተቀበለና አገላብጦ አየው።

«ቅቤ አድርግበት» አለው።

«ቅቤ?»

«አዎ፣ ለጋ ቅቤ። አቅልጠህ ጠብ ጠብ አድርግበት። የደረቀ ጸጉር በምንድን ነው የሚለሰልሰው? ብረትም እንደዚያው ነው።»

ይልቃል አመነው። ለምን አያምነው? እኛ ቅቤ የማናደርግበት ነገር አለ እንዴ? ራስ ሲያመን ቅቤ፣ ሴት ስትወልድ ቅቤ፣ በር ሲጮህ ቅቤ! ቅቤውን አቅልጣ የሰጠችው ራሷ ማንጠግቦሽ ናት። ሆዷ ገፍቷል። የመጀመሪያ ልጇ ነው።

ቁልፉ እውነትም ላላ። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት እንደ ልብ ዞረ። ይልቃል ደርበውን መረቀው። እኔን አፈር ያስበላኝ፣ መረቀው! ደርበው ግን ያውቅ ነበር። ቅቤ አቧራ ይይዛል። ቅቤና አቧራ ሲቦካ ምን ይሆናል? ጭቃ ይሆናል። ጭቃውስ ሲደርቅ? አያችሁ፣ ገብቷችኋል። እሱ የፈለገው በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ይልቃል ቁልፉን ይዞ ሲንደፋደፍ ማየት ነው። ሊያዋርደው ነው የፈለገው። ቀኑን ግን እሱ አልመረጠውም።

አንድ ሌሊት ማንጠግቦሽን ምጥ ያዛት። ልጁ ተጋድሟል። አዋላጇ ላቧን እየጠረገች ወጣችና «ይሄ ከእኔ በላይ ነው፣ ጤና ጣቢያ አድርሷት» አለች። ጤና ጣቢያው በእግር አምስት ሰዓት ነው። በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ማንጠግቦሽን ፒካፗ ላይ ፍራሽ አንጥፈው አስተኟት። ይልቃል ቁልፉን ከተተ። ቁልፉ ገባ።

አልዞረም።

ወደ ቀኝ፣ እምቢ። ወደ ግራ፣ እምቢ። ላውጣው ቢል፣ እምቢ። እሷ ከኋላ ትጮኻለች። ይልቃል ወርዶ ሮጠ። የደርበውን በር ደበደበ።

ኳ! ኳ! ኳ!

ምን ያስደነግጣችኋል? በርጩማውን ነው የመታሁት። ፈሪ ሁላ!

«ደርቤ! ደርቤ፣ ቁልፉ እምቢ ብሎናል! ማንጠግቦሽ ልትሞትብኝ ነው፣ ድረስልኝ!»

ደርበው ተኝቶ ነበር? አልተኛም። ሚስቱስ? እሷም አልተኛችም። አልጋው ላይ ሁለቱም ዓይናቸውን አፍጥጠው ይሰማሉ። ሚስቱ «ተነስ እንጂ» አለችው።

«ዝም በይ» አላት። «ይንጋና እሄዳለሁ።»

ቀጥሎ በጆሮዋ ምን እንዳላት ታውቃላችሁ? «ቀዳዳውን በቤንዚን አጥቦ የእርሳስ ዱቄት ቢነፋበት፣ መሪውን ግራና ቀኝ ነቅነቅ እያደረገ ቢሞክረው፣ ይዞርለት ነበር። ምን ያደርጋል፣ አያውቅ!» አለና በጨለማ ሳቀ። እርሳሱ ራስጌው ላይ ነው። ሚስቱ መድኃኒቱን ሰማች። ከአልጋው እስከ በሩ አራት እርምጃ አይሆንም። «ይልቃል፣ እርሳስ!» ብላ ብትጮህ ይሰማ ነበር። ጮኸች? አልጮኸችም። ባሏን ፈራች። እውነቱን ልንገራችሁ? ፍርሃት ብቻም አልነበረም። ባሏ በእንቅልፍ ልቡ የማንጠግቦሽን ስም ሲጠራ ስንት ሌሊት ሰምታለች።

በሩ ተቀርቅሮ ቀረ።

በቃሬዛ ተሸከሟት። ያቺን መንገድ ይዘው ወንዙ ዳር ብሳናው ሥር ሲደርሱ «አውርዱኝ» አለች። አወረዷት። እዚያው ሞተች፣ ልጇም በሆዷ። ሲነጋ ሬሳዋን ይዘው ተመለሱ።

አርባዋ እንደወጣ ይልቃል አገሩን ጥሎ ጠፋ። ፒካፗን «ዓይኔ አይያት፣ የፈለገ ይውሰዳት» ብሎ ደጁ ላይ ትቷት ሄደ። ማን ወሰዳት? እንዴታ! ደርበው ነዋ። ሰው ተሰብስቦ እያየ ቀዳዳውን በቤንዚን አጠበ። ጥቁር ጥቁር ነገር ወጣ። እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ በቢላ ፋቀ፣ ዱቄቱን ነፋበት፣ መሪውን ነቅነቅ አደረገ። ቁልፉ ዞረ። ሞተሩ ተነሳ። አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆይተው «ይሄን ያህል ብቻ ነበር?» አሉ። ደርበው በሩን ዘግቶ ነዳ።

አሁን ወደ መንገዷ እንመለስ። ለዓይን ያዝ አድርጓል ብያችኋለሁ። ደርበው ከገበያ እየተመለሰ ነው፣ ብቻውን። ወንዙ ጋ ሲቃረብ አንድ ነገር ሸተተው። ምን ሸተተው? ቅቤ ነው። የምግብ ቅቤ አይደለም፤ አናት ላይ የሚደረግ፣ አራስ ቤት ስትገቡ የሚሸታችሁ ቅቤ ነው። መስኮቱን ከፈተ። ሽታው ባሰ። መስኮቱን ዘጋ።

ብሳናው ሥር ሲደርስ ሞተሩ ጠፋ። እግሩን አላነሳ፣ ቁልፉን አልነካ፣ ዝም ብሎ ጠፋ። ቁልፉን ያዘ። አልዞረም። ወደ ግራ፣ እምቢ። ወደ ቀኝ፣ እምቢ። ጣቶቹን አየ። ርሰዋል። ከቀዳዳው ውስጥ የቀለጠ ቅቤ ጠብ፣ ጠብ እያለ ጉልበቱ ላይ ይወርዳል። ሙቅ ነው።

ከኋላ፣ ከጭነቱ ቦታ፣ አንዲት ሴት አማጠች።

ዞሮ አየ? እናንተ ብትሆኑ ታዩ ነበር? አላየም። በሩን ገፋ፣ እምቢ። የዚያኛውን በር ገፋ፣ እምቢ። እርሳሱን ከጆሮው ላይ ቢያወርድ እጁ ላይ ተሰበረ። መሪውን ነቀነቀ፣ ነቀነቀ። ማማጧ ቆመ። ከዚያ መስኮቱ ተንኳኳ።

«ደርቤ» አለችው፣ በቀስታ። «ደርቤ፣ ቁልፉ እምቢ ብሎናል።»

«ማንጠግቦሽ! ስለ ማርያም! ልጆቼ ይሙቱ፣ እንደዚህ ይሆናል አላልኩም! ክፈችልኝ! በእግዜር ክፈችልኝ!»

መስታወቱ ላይ የቅቤ እጅ ታተመ። አጠገቡም ትንሽዬ፣ የጨቅላ እጅ ታተመ። ከዚያ ምን አለችው?

«ይንጋና» አለችው።

ጠዋት ሰዎች አገኙት። በሮቹ በጣት ሲነኩ ተከፈቱ። ጸጉሩ አመድ መስሏል። ቁልፉን ጨብጦ ነበር፤ ከጣቱ ማላቀቅ አቃተን፣ ከነቁልፉ ነው በቃሬዛ ቤት ያስገባነው። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ያየውን ሁሉ ለሚስቱ ነገራት። «ይንጋና» የሚለውን ቃል ሲነግራት ሚስቱ ምን ሆነች? ያንን ቃል ከባልና ሚስቱ በቀር የሰማው ሰው የለማ! በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሞተ። ቁልፉም አብሮት ተቀበረ።

ከመሞቱ በፊት ግን መልእክት አድርሷል። ለሚስቱ የተላከ ነው። «ለዘነቡ ንገራት ብላኛለች» አለ። «አልጋው ላይ ሁለት ነበራችሁ ብላለች።»

ምን ታዩኛላችሁ? አዎ፣ ዘነቡ እኔ ነኝ። ሌላ ዘነቡ ታውቃላችሁ? ባሌ ነው። አራቷን እርምጃ ያልተራመድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በሬን ቀርቅሬ አላውቅም፣ በመሸ ብቻዬን መንገድ ወጥቼ አላውቅም። ይኸው ደግሞ፣ እርሳስ ከጉያዬ አይለይም። እንካ ምትኩ፣ ፋቅና ንፋበት። ዘይት አይደለም፣ ቅቤም አይደለም፣ እርሳስ ነው። ያኔ ልለው የሚገባኝን አሁን ለመጣ ለሄደው ሾፌር ሁሉ እላለሁ። ይቅር ትለኝ እንደሆነ ብዬ ነው። እስካሁን አላለችኝም።

ይህንን ተረቴን መልሱ አልላችሁም። ከእኔው ጋር ይቅር...

ዝም በሉ።

ሰማችሁ?

በርጩማውን አልነካሁም። እጄ ይኸው፣ ሁለቱም ጉልበቴ ላይ ናቸው።

ይኸው ደገመ! ምትኩ፣ አንተ በሩ ጋ ነህ። ማነው ብለህ አትጠይቅ። ይንጋና እንዳትል። ይህ ሽታ... ተነስ! ተነስና ክፈትላት!